በፍሪላንስ ጽሑፍ መኖር ይቻላል? ገበያው፣ ውሉና ክፍያው

ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ በቴሌግራምና በቲክቶክ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በዝቷል። «ቤትዎ ቁጭ ብለው በዶላር ይሥሩ» ይላል። የሚሸጠው የፍሪላንስ ጽሑፍ ሥልጠና ነው። ክፍያው በብር፣ ተስፋው በዶላር። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዙ በብር ቆሞ የቀረበት ሰው ዓይኑን ወደ ዶላር ቢያዞር አይፈረድበትም።

ተቃራኒው ወሬም አለ። «ጽሑፍ እኮ አብቅቶለታል። ቻትጂፒቲ በደቂቃ ይጽፈዋል። ማን ይከፍልሃል?» የሚለው። ሁለቱን ወሬ በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰው አፍ መስማት የተለመደ ሆኗል።

ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ይዘላሉ። ጎበዝ ጸሐፊዎች በዓመት ውስጥ ሥራውን ትተው ሲወጡ፣ መካከለኛ የሚባሉት ደግሞ አሥር ዓመት ሲዘልቁበት ይታያል። ልዩነቱ ያለው በአብዛኛው ከጽሑፉ ውጭ ነው። ማን ነው የሚገዛው? ምን ላይ ነው የተስማሙት? ገንዘቡ መቼ ይከፈላል? በየት በኩል ይገባል? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል።

## ከቃሉ እንጀምር

ፍሪላንስ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ወደ ጽሑፍ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ያኔ ትርጉሙ ለማንም ጌታ ያልገባ፣ ለከፈለው የሚዋጋ ባለጦር ማለት ነበር። ዛሬ የአንድ መሥሪያ ቤት ቅጥር ሳይሆን ለተለያዩ ደንበኞች በየሥራው ተዋውሎ የሚሠራ ባለሙያ ማለት ነው።

አማርኛው «ነጻ ጸሐፊ» ይለዋል። ትርጉሙ ልክ ነው። ችግሩ «ነጻ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት ያለው መሆኑ ነው። ጌታ የሌለው ማለትም ነው፣ ዋጋ የማይከፈልበት ማለትም ነው። «አንዴ ብቻ እይልኝ»፣ «አንድ ገጽ እኮ ናት»፣ «ስምህ ይታወቅበታል» የሚሉ ልመናዎች ከሁለተኛው ትርጉም የሚመጡ ይመስላል። ብዙ ሰው ፍሪላንሰር የሚለውን የባዕድ ቃል መርጦ የሚጠቀመው ከዚህ ለመሸሽ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም የሚያምታታ ጥንድ አለ። ኮፒራይቲንግ ማለት የማስታወቂያ ጽሑፍ መጻፍ ነው። ኮፒራይት ማለት ደግሞ የቅጂ መብት ነው። በፊደላችን ሲጻፉ መንትያ ይመስላሉ እንጂ አይገናኙም። የቅጂ መብቱን በኋላ እናነሳዋለን።

## አንድ ገበያ የለም

«የጽሑፍ ሥራ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ «ንግድ ያዋጣል ወይ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። አዲስ አበባ ለተቀመጠ ጸሐፊ ቢያንስ ሦስት ገበያ አለ። ሦስቱም የሚፈልጉት ሰው የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ለውጭ ደንበኛ የሚጻፍበት ነው። መግቢያ በሩ እንደ አፕወርክና ፋይቨር ያሉ መድረኮች ናቸው። መድረክ ስንል አሠሪና ሠራተኛን በኢንተርኔት አገናኝቶ ከክፍያው ኮሚሽን የሚቆርጥ ድርጅት ማለታችን ነው። እዚህ አንድ ሥራ ሲለጠፍ ከናይሮቢ፣ ከማኒላ፣ ከዳካና ከሌጎስ ማመልከቻ ይጎርፋል። ኬንያና ናይጄሪያ ውስጥ እንግሊዝኛ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ነው። እኛ ግን በክፍል ውስጥ የተማርነው ቋንቋ ነው። ይህ ልዩነት በሥልጠና ማስታወቂያዎቹ ላይ አይነገርም።

ሁለተኛው የቢሮ ገበያ ነው። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። በዙሪያቸው ኤምባሲዎች፣ ለጋሾችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች አሉ። ባንኮችና ኢንሹራንሶችም አሉ። ሁሉም ዓመታዊ ሪፖርት፣ ፕሮፖዛል፣ መጽሔት፣ የትርጉም ሥራና «የስኬት ታሪክ» የሚሉትን አጭር ጽሑፍ ያስጽፋሉ። ይህ ገበያ ዝም ያለ ነው። ቲክቶክ ላይ አይታይም። አገር ውስጥ በጽሑፍ ብቻ የሚተዳደር ሰው ካለ ግን በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው። በቅርቡ ደግሞ አዲስ ቅርንጫፍ አብቅሏል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። አክሲዮን ለሕዝብ የሚያቀርብ ኩባንያ «የደንበኛ ሳቢ መግለጫ» (ፕሮስፔክተስ) ማዘጋጀት አለበት፤ ስለ ኩባንያውና ስለ አክሲዮኑ ለገዢዎች የሚያስረዳ ሰነድ ነው። ሰነዱን ሕግና ሒሳብ አዋቂ ያዘጋጀዋል፣ ተራው ሰው እንዲገባው አድርጎ የሚጽፍ ሰው ግን ገና ብዙ የለም።

ሦስተኛው የአማርኛ አንባቢና ተመልካች ገበያ ነው። የቴሌቪዥን ድራማ፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ የበዓል ዝግጅት፣ የዩቲዩብ ትረካና መጽሐፍ እዚህ ይገባሉ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር አዲስ ዓይነት ጸሐፊ አስፈልጎ ነበር። ትርጉሙን ያውቃል፣ ከተዋናዩ የከንፈር እንቅስቃሴ ጋር የሚገጥም ቃልም ይመርጣል። 

ከሦስቱ ጎን አንድ የጨለማ ገበያ አለ። በየዩኒቨርሲቲው በር፣ በየምሰሶው «ጥናትና ምርምር እናግዛለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ይታያል። የሚሸጠው በሌላ ሰው ስም የሚቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ለውጭ ተማሪዎች ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራበት ሰፊ ገበያ ናይሮቢ ውስጥ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. ይህን አገልግሎት መሸጥ በሕግ ከለከለች። ጥሩ ብር እንዳለው ይነገራል። ነገር ግን ጸሐፊው ሥራዬ ነው ብሎ ለማንም ሊያሳየው አይችልም። በዚህ ሙያ ደግሞ ቀጣዩን ሥራ የሚያመጣው የሚታይ ያለፈ ሥራ ነው። ሐቀኝነቱን ለጊዜው እንተወውና፣ ለሙያውም ቢሆን ሙት ጫፍ ነው።

## የዶላሩ ሒሳብ በእርሳስ ሲሠራ

ማስታወቂያው ላይ «በአንድ ጽሑፍ 60 ዶላር» ሲባል ያጓጓል። ምሳሌ ወስደን እንቁጠረው።

አንድ የ1,200 ቃል ጽሑፍ በ60 ዶላር ተገኘ እንበል። ፋይቨር ከሻጩ 20 በመቶ ይቆርጣል። 48 ዶላር ቀረ። አፕወርክ እ.ኤ.አ. ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ 10 በመቶ ሲቆርጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. እንደ ሥራው ከዜሮ እስከ 15 በመቶ የሚለዋወጥ አደረገው። አፕወርክ ላይ ለማመልከትም ይከፈላል። ማመልከቻ የሚገባው «ኮኔክት» በሚባል ነጥብ ነው፤ አንዱ ነጥብ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ አንድ ማመልከቻ ደግሞ ብዙ ነጥብ ይበላል።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠር። ማንበብና መረጃ መፈለግ ሦስት ሰዓት፣ መጻፍ አራት፣ ደንበኛው የጠየቀውን ማስተካከል ሁለት። እስካሁን ዘጠኝ ነው። ይህን አንድ ሥራ ለማግኘት አሥር ማመልከቻ ተጽፏል ብንል፣ እያንዳንዱ 18 ደቂቃ ቢወስድ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ድምሩ 12 ሰዓት። 48 ዶላር ለ12 ሲካፈል በሰዓት 4 ዶላር ይመጣል።

4 ዶላር ሲመነዘር ለአዲስ አበባ መጥፎ አይደለም። ብዙ የተቀጠረ ሰው በሰዓት ያን አያገኝም። ታዲያ ችግሩ የት ነው? ችግሩ ያለው መደጋገሙ ላይ ነው። በሳምንት አንድ እንዲህ ያለ ሥራ ብቻ ቢገኝ የወሩ ገቢ 192 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ ኢንተርኔት፣ መብራት ሲጠፋ የሚኬድበት ካፌና ዕድሜው ሲያልቅ የሚለወጥ ላፕቶፕ ይወጣል። የታመሙበት ሳምንት ዜሮ ነው። የዓመት ፈቃድም ሆነ ጡረታ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ ዋጋ የሚቀበልን ሰው አይሸፍንም።

ገንዘቡ የሚገባበት መንገድም ሌላ ጣጣ ነው። ፔይፓል ለረጅም ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ ለመክፈል እንጂ ለመቀበል አላገለገለም። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ውጭ ባለ ዘመድ አካውንት ሲጠቀሙ ኖረዋል። ያ መንገድ የመድረኮቹን ደንብ ይጥሳል፤ ከታወቀ አካውንቱ ይዘጋል፤ ውስጡ ያለው ገንዘብም አብሮ ሊታገት ይችላል። በዚህ በኩል የሐምሌ 2016ቱ ለውጥ አንድ በር ከፍቷል። ብሔራዊ ባንክ ነዋሪ ኢትዮጵያውያን ከውጭ በሚገባላቸው ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱና ለውጭ አገልግሎት መክፈያ እንዲያውሉት ፈቅዷል። ኮኔክት ለመግዛት ወይም የጽሑፍ ማረሚያ ሶፍትዌር ለመክፈል ካርድ የሚለምን ሰው ይህን ባንኩ ሄዶ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። ፈቃዱ በወረቀት ላይ ስላለ ብቻ ሁሉም ቅርንጫፍ በአንድ ቀን ያስተናግዳል ማለት ግን አይደለም።

## ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምን ወሰደ፣ ምን ተወ

ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የቀረበው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የአፕወርክ ሠራተኞችን መረጃ የመረመሩ አጥኚዎች ነበሩ። እንደ ጽሑፍና አርትዖት ባሉ ሙያዎች የወርኃዊ ሥራ ቁጥር 2 በመቶ፣ ገቢ ደግሞ 5.2 በመቶ ቀንሶ አገኙት። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። የተለካው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሌላው ደግሞ ጥሩ ስምና ጥሩ ውጤት የነበራቸውም አልተረፉም። «ጎበዝ ከሆንክ አይነካህም» የሚለው ማጽናኛ በመረጃው አልተደገፈም።

ታዲያ የሚነካው ምኑ ነው? መጀመሪያ የሄደው ማንም ሊጽፈው የሚችለው ነው። የዕቃ መግለጫ፣ «አሥር የቆዳ እንክብካቤ ምክሮች» ዓይነት ጽሑፍ፣ ለኤስኢኦ ብቻ የሚጻፍ ነገር። ኤስኢኦ ማለት አንድ ድረ ገጽ በጉግል ፍለጋ ከፍ ብሎ እንዲወጣ ጽሑፉን ማስተካከል ነው። ሥልጠናዎቹ በብዛት የሚያስተምሩት ይህንኑ መሆኑ ያሳዝናል። ወጣቱ ብሩን ከፍሎ የሚማረው ቀድሞ የሚደርቀውን ምንጭ ነው።

የቀረውን ለማየት አንድ የስኬት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ ቀረብ ብለን እንመልከት። አንድ ድርጅት ሲዳማ ውስጥ ባለ ቀበሌ የውኃ ጉድጓድ ቆፍሯል። አራት ገጽ ይፈለጋል። ጸሐፊው ሐዋሳ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ በሞተር ወይም በባጃጅ ቀበሌው ይገባል። እናትየዋን በአስተርጓሚ ያናግራል። ፎቶዋ እንዲታተም ፈቃዷን በጽሑፍ ይወስዳል። ቀድሞ ውኃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ይፈጅባት እንደነበር ሲጠይቃት «ጎህ ሲቀድ ወጥቼ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እደርሳለሁ» ብትለው፣ የልጅቷን ትምህርት ቤት ሄዶ መልቀቂያ ሰዓቱን ይጠይቃል። ይህን መልስ የትኛውም ማሽን ተቀምጦ አያገኘውም። ገጾቹን ማሰካካት ላይ ሊያግዝ ይችላል። ሄዶ ማየት፣ ማጣራትና «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስህተት ካለ እኔን ጠይቁ» ማለት ግን የሰው ሥራ ነው። የሚከፈለውም ለዚህ ነው።

አማርኛም ለጊዜው የራሱ አጥር አለው። መሣሪያዎቹ በአማርኛ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ እንደሚጽፉት አይደለም። የአነጋገር ለዛው ይጎላል፤ ቃሉ ልክ ሆኖ ዓረፍተ ነገሩ ባዕድ ይሆናል። ይህ አጥር ለዘለዓለም ይቆማል ብሎ መተማመን ግን ሞኝነት ነው።

አንድ ግፍ ሳልጠቅስ አላልፍም። አንዳንድ ደንበኞች ጽሑፍ ሲደርሳቸው «በማሽን የተጻፈ» መሆኑን ይለያል በሚባል ሶፍትዌር ይፈትሹታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን መፈተሻዎች ሞከሯቸው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና በእጃቸው የጻፉትን ድርሰት በአማካይ ከግማሽ በላዩን የማሽን ነው አሉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በተማርነው ቋንቋ ስንጽፍ ቃላችን የተለመደ፣ አገባባችን ጥንቁቅ ይሆናል። መፈተሻውም ያንን እንደ ማሽን ይቆጥረዋል። የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ ራሱ የሠራውን መፈተሻ በዚያው ዓመት ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዘግቶታል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ጸሐፊ ረቂቁን በየደረጃው ማስቀመጥ አለበት። ማስታወሻውን፣ የመጀመሪያ ረቂቁን፣ የለውጥ ታሪኩን። በሐሰት ሲከሰስ የሚያሳየው ሌላ ማስረጃ የለውም።

## በቃል ያለ ይረሳል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚል ሕዝብ ነን። የሚገርመው ይህን ተረት ደጋግመው የሚጽፉት ሰዎች ራሳቸው ያለ ውል መሥራታቸው ነው።

በቢሮው ገበያ የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ቲኦአር ያወጣል። ቲኦአር ማለት የሥራውን ዓላማ፣ የሚጠበቀውን ውጤትና ጊዜውን የሚዘረዝር ሰነድ ነው። ጸሐፊው ዋጋ ያቀርባል። ሲስማሙ 30 በመቶ ቅድሚያ፣ 70 በመቶ ደግሞ «የመጨረሻው ረቂቅ ሲጸድቅ» ይባላል። ወጥመዱ «ሲጸድቅ» የምትለው ቃል ውስጥ ነው። ማን ነው የሚያጸድቀው? በስንት ቀን? ረቂቁ ለፕሮግራም ኃላፊው ይሄዳል፣ ከዚያ ለኮሙኒኬሽን ክፍሉ፣ ከዚያ ለለጋሹ ተወካይ። አንዱ «አሳጥረው» ይላል፣ ሌላው «ዘርዝረው» ይላል። ሦስተኛው ፈቃድ ላይ ነው። ጸሐፊው ሥራውን ከጨረሰ ሁለት ወር አልፎታል፣ አሁንም ደጅ ይጠናል። ማንም ሊበድለው ያሰበ የለም። ሰነዱ ላይ ቀን ስላልተጻፈ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ሦስት መስመር ነው። ማስተካከያ ስንት ዙር እንደሆነ ይጻፍ፤ ሁለት ዙር የተለመደ ነው። ከሁሉም ክፍል የሚመጣው አስተያየት ተጠቃሎ በአንድ ሰው በኩል ይምጣ። በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ አስተያየት ካልመጣ እንደጸደቀ ይቆጠር። ሥራው መሐል ላይ ቢቋረጥ እስከዚያ ለተሠራው ስንት እንደሚከፈል ይገለጽ።

«ደንበኛው ውል ስጠይቀው ይሸሻል» የሚል ፍርሃት አለ። ከእውነት የራቀ አይደለም። በተለይ በቲቪና በማስታወቂያው ሰፈር በቃል መስማማት ልማድ ነው። ሆኖም ውል ማለት የግድ ማኅተም ያለበት ወረቀት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር፣ ውል በማንኛውም መልክ ሊደረግ እንደሚችል ይቀበላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ ስልክ ላይ ከተስማሙ በኋላ «እንደተነጋገርነው፣ 1,500 ቃል፣ ሁለት ዙር ማስተካከያ፣ ክፍያው ባስረከብኩ በ30 ቀን» ብሎ ኢሜይል መላክና «እሺ» የሚል መልስ መቀበል ትልቅ ነገር ነው። ደንበኛውንም አያስደነግጥም።

የቅጂ መብቱ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ከሚያስበው ተቃራኒ ነው። «የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ የኔ ነው» ይባላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ 410/1996 ግን፣ በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል ታዝዞ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመብቱ ባለቤት አሠሪው ወይም አዛዡ ነው ይላል። ደራሲነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ ሞራላዊ መብት ከጸሐፊው አይለይም። የገንዘብ ጥቅሙ ግን ለአዛዡ ይሄዳል። ለዓመታዊ ሪፖርት ይህ ብዙም አያሳስብም፤ ሪፖርቱን ሁለተኛ የሚገዛ የለም። ለድራማ ስክሪፕት ግን ሕይወትና ሞት ነው። አንድ ተከታታይ ድራማ በድጋሚ ሲታይ፣ ወደ ዩቲዩብ ሲወጣ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲዞር ጸሐፊው ምንም የማያገኘው ፊርማው ስር «ሌላ ስምምነት» ስለሌለ ነው።

## ደረሰኝ አለህ?

ቢሮዎች በጽሑፍ ከመማረካቸው በፊት የሚጠይቁት ይህንን ነው። ግዥ ክፍሉ ሦስት ፕሮፎርማ ይፈልጋል። ሒሳብ ክፍሉ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥርና ደረሰኝ ይፈልጋል። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ድርጅቱ ለአገልግሎት ሲከፍል 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር፣ ይቀንስ ነበር፤ ቲን ከሌለው ሰው ግን 30 በመቶ። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ዛሬ የሚሠራውን ምጣኔ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይሻላል። ከዚያ በፊት የተቀረጸ የዩቲዩብ ምክር አርጅቷል።

ንግድ ፈቃድ ማውጣት ያዋጣል ወይ የሚለው ያከራክራል። አውጡ የሚሉት ትልልቅ ሥራ ያለ ደረሰኝ አይገኝም ይላሉ። አታውጡ የሚሉት ገቢው ሳይረጋ የዓመት ግብርና የሒሳብ ባለሙያ ክፍያ ይከተላል ይላሉ። እንደኔ አስተያየት የሚወስነው ገበያው ነው። የቢሮውን ገበያ የመረጠ ሰው ፈቃዱን ዛሬ ነገ ማለት የለበትም። የሌላ ሰው ደረሰኝ ተውሶ መሥራት ደግሞ ለሁለቱም ወገን ጦስ ያመጣል።

## የሚዘልቁት ምን ያደርጋሉ?

አንድ ሐቅ እናስታውስ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በደመወዝ የቆመ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴአትር ቤት ይመራ ነበር። በዓሉ ግርማ የጋዜጣ አዘጋጅና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። በሀብታም አገርም ቢሆን ነገሩ ብዙ አይለይም። ብሪታንያ ውስጥ ዋና ሥራቸው ጽሑፍ የሆነ ደራስያን እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በተደረገ የገቢ ጥናት ከጽሑፍ የሚያገኙት መካከለኛ የዓመት ገቢ 7,000 ፓውንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. 12,330 ፓውንድ ነበር። ስለዚህ «ሥራህን ልቀቅና ጻፍ» የሚለው ምክር በጥርጣሬ መታየት አለበት። አብዛኛው የተሳካለት ሰው የወጣው ቀስ እያለ ነው። ቅዳሜና እሑድ ይጀምራል፤ ሁለት ቋሚ ደንበኛ ሲያገኝ፣ የስድስት ወር ወጪ ሲያጠራቅም ይለቃል።

ቋሚ ደንበኛ የሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ። ቅድም ያየነው የ12 ሰዓት ሒሳብ ውስጥ ሦስቱ ሰዓት ሥራ ፍለጋ ነበር። ያው ደንበኛ በየወሩ ሲመለስ ይህ ሰዓት ይጠፋል። መረጃ ፍለጋውም ያጥራል፤ ጉዳዩን አስቀድሞ ያውቀዋልና። ማስተካከያውም ይቀንሳል፤ የደንበኛውን ጠባይ ለምዶታል። ዋጋው ሳይጨምር የሰዓት ገቢው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በዚህ ሙያ ሀብት የሚባለው አራትና አምስት የሚመለሱ ደንበኞች ናቸው። የሚመለሱት ደግሞ በብዕር ውበት ብቻ አይደለም። በተባለው ቀን ስለደረሰላቸው፣ ስልክ ስለተነሳላቸው፣ የስም አጻጻፍና ቁጥር ስላልተሳሳተባቸው ነው።

በአንድ መስክ መሠልጠን ላይም ሁለት ሐሳብ አለ። አንዱ ወገን «የተገኘውን ሁሉ ሥራ» ይላል፤ ሌላው «አንድ ነገር ያዝ» ይላል። ሁለቱም በየገበያቸው ልክ ናቸው። በእንግሊዝኛው ገበያ ሁሉን እጽፋለሁ የሚል ሰው በሺዎች መሐል ይሰጥማል። የታጠበ ቡናን ካልታጠበው፣ የይርጋጨፌን ጣዕም ከሐረሩ ለይቶ የሚጽፍ ሰው ግን ቡና ገዢዎች ይፈልጉታል። ነርስ የነበረ ሰው ስለ ጤና፣ ባንክ የሠራ ሰው ስለ ብድር ሲጽፍ ያው ነው። የቀድሞ ሙያ የሚጣል ነገር አይደለም፣ መሸጫው እሱ ነው። በአማርኛው ገበያ ግን አንድ ጠባብ መስክ ቤት አያስተዳድርም። እዚህ ስክሪፕትም፣ ትርጉምም፣ አርትዖትም ማጣመር ግድ ይላል።

የሥራው ወቅት እንደ እርሻ ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የብዙ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ዓመት ደግሞ በፈረንጆች ታኅሣሥ ያበቃል። ከሁለቱ በፊት ባሉት ሳምንታት «ቶሎ ድረስልን» የሚል ስልክ ይበዛል። የቲቪና የማስታወቂያው ሥራ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዙሪያ ይሰበሰባል። በመሐል ያሉት ወራት ይደርቃሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው የሰኔን ብር ለነሐሴ ያስቀምጣል፤ የማያውቅ ሰው ሰኔ ላይ ሀብታም፣ ነሐሴ ላይ ተበዳሪ ይሆናል።

## ሕጉ ምን ሊያግዝ ይችላል?

በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2017 ጀምሮ የሚሠራ አንድ ሕግ አለ። ከ800 ዶላር ያላነሰ የፍሪላንስ ሥራ የጽሑፍ ውል እንዲኖረው ያስገድዳል። በውሉ ቀን ካልተጠቀሰ ሥራው ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ መክፈል ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ሕጉ ወደ ግዛቱ በሙሉ ሰፋ። ካሊፎርኒያ ደግሞ በሌላ መንገድ ሞክራ ተሰናክላለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ሕጓ አንድ ፍሪላንሰር ለአንድ ጋዜጣ በዓመት ከ35 ጽሑፍ በላይ ካቀረበ እንደ ቅጥር ሠራተኛ እንዲታይ አደረገ። አንዳንድ አሳታሚዎች ግን ሰዎቹን በመቅጠር ፈንታ ሥራ መስጠት አቆሙ። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ጮኸው በዚያው ዓመት ገደቡ ተነሳ። ጸሐፊውን የጠቀመው የክፍያ ቀን የሚቆርጠው ሕግ ነው። ቅጥር ይሁን ብሎ ያስገደደው ጎዳው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ ረጅም ነው። ፈጥኖ ሊለወጥ የሚችለው ቲኦአሩ ነው። የሚጽፉት ድርጅቶቹ ራሳቸው ናቸው። ብዙዎቹ በየሪፖርታቸው ስለ ፍትሐዊ ሥራ የሚናገሩ ናቸው። «የተጠቃለለ አስተያየት በ10 የሥራ ቀን፣ የመጨረሻ ክፍያ በ30 ቀን» የሚል አንድ መስመር ለመጨመር የማንንም ፈቃድ አይፈልጉም። ሰነዱን የሚያረቅቀው የኮሙኒኬሽን ባለሙያ በሚቀጥለው ሳምንት ሊጨምረው ይችላል።